ከዳጎን መድረክ እስከ ማማድ፦ የመባነን ታሪክ በአሽዶድ

መባነን እንቅልፍ ገና ሸለብ ሲያደርግ ገላ በድንገት ተፈናጥሮ የሚነቃበት ሁኔታ ነው። እግር ይዘላል፣ ክንድ ይወራጫል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ አንዳንዴም ሳይታሰብ ጩኸት ያመልጣል። ከዚህ ጋር ብዙውን ጊዜ አንድ ምስል አብሮ ይመጣል፤ የደረጃ መርገጫ መሳት፣ ከጣሪያ መንሸራተት፣ ገደል መግባት። ሰውየው መሬት ሳይነካ ይነቃል።

አማርኛ ለዚህ ነገር የራሱ ቃል ስላለው ከሌላው የሌሊት መከራ ጋር አይቀላቅለውም። ቅዠት ሌላ ነው፤ የቃዠ ሰው ተኝቶ ያወራል፣ ይጮኻል፣ ካልቀሰቀሱትም አይነቃም። ዱካክም ሌላ ነው፤ ዱካክ የያዘው ሰው ዐይኑ ተገልጦ ገላው አልታዘዝ ይለዋል፣ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለም ይመስለዋል። የባነነ ሰው ግን የታሰረ ገላ የለውም፤ ገላው ቀድሞት ተነሥቷል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሰውየው መውደቁን በሕልሙ ስላየ ባነነ ወይስ ገላው ስለተፈናጠረ ሕልሙ ውድቀት ሆነ? ሕልም ፈቺዎች፣ ሐኪሞችና የአንጎል ተመራማሪዎች ሲመላለሱበት የኖሩት በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ያለችው የእስራኤል የወደብ ከተማ አሽዶድ ለዚህ ትረካ ትመቻለች። ከጥንት ታሪኮቿ እጅግ የታወቀው በሌሊት ስለሆነ ውድቀት የሚናገር ነው፤ ዛሬም ከኢትዮጵያ የሄዱ አይሁዶች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአሽዶድ ስም አዛጦን ነው። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 5 እንደተተረከው ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን ማርከው ወደ አዛጦን አመጡትና በአምላካቸው በዳጎን ቤት፣ ከጣዖቱ ጎን አኖሩት። በነጋታው የከተማዋ ሰዎች ማልደው ሲነሡ ዳጎን በታቦቱ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። አንሥተው ወደ ቦታው መለሱት። በሁለተኛው ማለዳም እንደዚያው ወድቆ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ራሱና ሁለቱ እጆቹ ተቆርጠው መድረኩ ላይ ተጋድመዋል። የዳጎን ካህናት ከዚያ ወዲህ መድረኩን የማይረግጡት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተራኪው ያክላል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 21 ቀን የሚከበረው የጽዮን በዓል ታቦቱ በዳጎን ላይ ያገኘውን ይህንን ድል ስለሚያስብ ታሪኩ በምእመናን ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕልም የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ሆኖም የአወዳደቁ ነገር ትኩረት ይስባል። ሲወድቅ ያየ የለም፤ ውድቀቱ የታወቀው ሰው ሲነቃ ነው። አንድ ጊዜ ሆኖም አልቀረም፤ በማግስቱ ተደግሟል። በጥንቱ ዓለም አስተሳሰብ በሌሊት የሚጥል ነገር ከላይ የመጣ ነው፤ ምክንያቱን በገላ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ገና አልተነሣም። ጥንታዊቷ ከተማ ከዛሬዋ አሽዶድ በስተደቡብ ባለው ጉብታ ሥር ነበረች። አርኪዮሎጂስቱ ሞሼ ዶታን ከ1962 እስከ 1972 ባካሄደው ቁፋሮ ከወጡት ዕቃዎች አንዱ ከወንበሯ ጋር አንድ ገላ የሆነች የምትመስል ትንሽ የሸክላ ሴት ናት። ተመራማሪዎቹ «አሽዶዳ» ብለዋታል።

የከተማዋ ስም ከኩሽ ምድር ጋርም ቶሎ ይገናኛል። በ711 ዓመተ ዓለም ገደማ የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ሠራዊት አሽዶድን ሲይዝ ያማኒ የተባለው አማፂ ወደ ኩሽ ሸሸ፤ ኋላም የኩሹ ንጉሥ በሰንሰለት አስሮ ለአሦር አሳልፎ ሰጠው። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 ስለዚሁ ዘመቻ ይናገራል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ664 ዓመተ ዓለም፣ የኩሹ ንጉሥ ታንታማኒ በቀኙና በግራው ሁለት እባቦች በሕልሙ አየ። አማካሪዎቹ ሕልሙን የላይኛውና የታችኛው ግብፅ ንግሥና ብለው ፈቱለት፤ እሱም ፍቺውን ይዞ ዘመተና ታሪኩን በድንጋይ አስቀርጾ በጀበል ባርካል አቆመው። የዘመኑ ሕልም የመንግሥት ጉዳይ ነበር፤ ተራ ሰው በሌሊት መባነኑን ድንጋይ ላይ የሚቀርጽለት አላገኘም።

በጥንት ዘመን ወደ ገላ ከተመለከቱት አንዱ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ነው። ሕልም ከአምላክ የተላከ መልእክት መሆኑን በተጠራጠረበት አጭር ድርሰቱ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንሹ ስሜት ትልቅ ሆኖ እንደሚታይ አስረድቷል። በጆሮ ውስጥ ያለች ቀጭን ድምፅ ነጎድጓድ ትመስላለች፤ አንድ የገላ ክፍል ትንሽ ሲሞቅ ተኚው በእሳት መካከል የሚሄድ ይመስለዋል። ስለ መውደቅ የተለየ ነገር ባይናገርም የኋላ ሰዎች የሚመለሱበትን መንገድ ጠርጓል። ከእሱ 500 ዓመት ያህል በኋላ አርጤሚዶሮስ በ5 መጻሕፍት የሕልም ፍቺ ሲያዘጋጅ ያየው የገላውን ነገር ትቶ የሕልመኛውን ኑሮ ነው፤ አንድ ሕልም ለባለጠጋና ለድሃ፣ ለመርከበኛና ለገበሬ አንድ ዓይነት ፍቺ የለውም።

በአይሁድ መምህራን ዘንድ የሕልም ነገር በስፋት የተጻፈው በባቢሎን ታልሙድ፣ በረኾት በተባለው ክፍል ነው። እዚያ በሕልሙ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ወደ ክብር ይወጣል፣ የወረደም ከክብሩ ይወርዳል ይላል። አባዬና ራቫ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት ግን አንዴ ከወጣ ወጥቷል ብለው የመውረዱን ስጋት ያነሡለታል። በዚሁ ክፍል በኢየሩሳሌም 24 ሕልም ፈቺዎች እንደነበሩ፣ አንድ ሰው አንዱን ሕልም ለሁሉም ነግሮ 24 የተለያየ ፍቺ እንደሰጡት፣ ሁሉም እንደተፈጸመለት ይተረካል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው የአማርኛ ተረት ከዚህ ጋር በሐሳብ አንድ ነው። ክፉ ሕልም ያየ ሰው በሦስት ወዳጆቹ ፊት ቆሞ ሕልሙን በጎ የሚያስብልበት ሥርዓትም ከዚያው የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ማለትም ቤተ እስራኤል፣ ታልሙድ አልነበራቸውም። የነበራቸው በግዕዝ የተጻፈው ኦሪትና ቄሶቻቸው የጠበቁት ትውፊት ነው። ሕልምን በተመለከተ ልማዳቸው ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ብዙም አይርቅም። የሌሊቱ ሕልም ጠዋት ቡና ሲፈላ ይነገራል፤ አድማጩም መጀመሪያ «መልካም ያድርገው» ይላል፣ ፍቺው ከዚያ በኋላ ነው። ሕፃን ገደል ሲገባ አይቶ ባንኖ ከነቃ «እያደግህ ነው» ይባላል፤ በዚች አንዲት ቃል የልጁ ፍርሃት ወደ ቁመት ይለወጣል። አዋቂውም ሌሊቱን እየፈራ እንዳይኖር «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባልለታል።

በጎንደርና በስሜን ሰው በሕልሙ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ «ገደል ገባሁ» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ገደሉ ከደጅ ነው። ውሃ የሚቀዳው በአፋፍ መንገድ ነው፤ ከብት የሚጠፋው ገደል ገብቶ ነው። የቤተ እስራኤል ታሪክ ደግሞ በዚሁ ገደል ላይ የተጻፈ ክፍል አለው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን ሲዘምቱባቸው፣ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር የታሰረች አንዲት ሴት አፋፍ ላይ ስትደርስ ራሷን ወርውራ እሱንም ይዛው መውረዷን የንጉሡ ዜና መዋዕል ጽፎታል። ጸሐፊው የንጉሡ ወገን ሆኖ ሳለ ድፍረቷን በመደነቅ ነው ያቆየላት።

በአውሮፓ ጥያቄው እንደገና ወደ ገላ የተመለሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ሞሪ በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ባለችው ጠባብ በር ላይ የሚታዩትን ምስሎች በ1848 ለብቻቸው ስም ሰጥቶ አጠናቸው። በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ የተናገረው የራሱ ሕልም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በሕልሙ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ተይዞ ለፍርድ ቀረበ፣ ተፈረደበት፣ በሰው መካከል ወደ መሰየፊያው ተወሰደ፣ ስለቱም አንገቱ ላይ ወረደ። ባንኖ ሲነቃ የአልጋው ቁራጭ ወድቆ አንገቱ ላይ አርፎ ነበር። ሞሪ ከዚህ የደመደመው ያ ሁሉ ረጅም ታሪክ እንጨቱ ከነካው በኋላ፣ በዐይን ጥቅሻ የተሠራ መሆኑን ነው። ሕልሙን ያየው በወጣትነቱ፣ የጻፈው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ትረካው ሳይዳብር አልቀረም ብለው የተጠራጠሩ አሉ፤ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፦ መጀመሪያ ገላ፣ ከዚያ ሕልም።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ሽትሩምፐል በ1877 ይህንኑ በቀጥታ ለመውደቅ ሕልም አዋለው። ሰው ሲተኛ የአልጋው ጫና በቆዳው ላይ መሰማቱን ያቆማል። በዚህ መካከል ክንድ ከጎን ሲንሸራተት ወይም የታጠፈ ጉልበት በድንገት ሲዘረጋ ስሜቱ ይመለሳል፤ አእምሮም ያንን ድንገተኛ መመለስ እንደ መውደቅ ያነበዋል። በ1890 የፊላደልፊያው ሐኪም ዌር ሚቸል ሕመምተኞቹ ላይ ያየውን የመተኛ ጊዜ ፍንጥሪያ በሕክምና መጽሔት ጻፈ። መባነን ከሕልም ፈቺ እጅ ወጥቶ በሐኪም መዝገብ የገባው በዚህ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

የሥነ ልቦና ሐኪሙ ፍሮይድ በ1900 ባሳተመው የሕልም ፍቺ መጽሐፉ የገላውን ማስረጃ አልካደም፤ አልበቃውም እንጂ። እንደ እሱ አባባል የመውደቅ ሕልም ሥሩ በልጅነት ጨዋታ ነው። ሕፃን በእጁ ይዞ ያላበረረ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በድንገት እግሩን ዘርግቶ ያላስደነገጠ አጎት የለም፤ ልጁም ድንጋጤውን ወድዶ ድገመኝ ይላል። ካደገ በኋላ ጨዋታው በሕልም ይመለሳል፣ እጁ ግን የለም፤ ስለዚህ ይወድቃል። ከዚያ አልፎ በሴቶች የመውደቅ ሕልም ላይ የሰጠው ወሲባዊ ትርጓሜ ዛሬ ብዙ ተከታይ የለውም፤ የአጎቱ ነገር ግን ሕፃን ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ በተለመደበት አገር ሁሉ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ያለው እርምጃ ፈጣን ነው። በ1918 የሃይደልበርግ የሕፃናት ሐኪም ኤርንስት ሞሮ አራስ ልጅ ራሱ ድንገት ወደ ኋላ ሲል ሁለት እጁን ዘርግቶ እንደሚያቅፍ መልሶ እንደሚሰበስብ ገለጸ፤ ይህ ምላሽ ገላ ለመውደቅ ስሜት ሳይማር መልስ እንደሚሰጥ ያሳያል። ጣልያናዊው ደ ሊዚ በ1932 የእንቅልፍ ፍንጥሪያ የጤነኛ ገላ ባሕርይ መሆኑን ጻፈ። በጀርመን ሃንስ በርገር የአንጎልን ኤሌክትሪክ መመዝገብ መቻሉን በ1929 ካስታወቀ በኋላ እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር እንዳልሆነ፣ ደረጃ በደረጃ እንደሚጠልቅ በ1937 በአሜሪካ ታየ። በ1953 አዜሪንስኪና ክላይትማን ዐይን ከቆብ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን፣ ደማቅ ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ አገኙ።

ጥያቄውን በመሣሪያ የመረመረው የእንቅልፍ ተመራማሪው ኢያን ኦስዋልድ ነው። በ1959 ባወጣው ጥናት ሰዎች ሸለብ ሲያደርጋቸው የሚመጣውን ፍንጥሪያ ከአንጎላቸው መዝገብ ጋር አስተያየ። በፍንጥሪያው ሰዓት መዝገቡ ላይ የመቀስቀስ ምልክት ይታይ ነበር፤ ለነቃ ሰው ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ድምፅ እንኳ ይህንን ሊያስነሣ ይችላል። አርስቶትል ስለ ቀጭኗ ድምፅ ያለው ከ2000 ዓመት በላይ ቆይቶ በቀለም መርፌ ወረቀት ላይ ተሰመረ።

ዛሬ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ የሚከተለውን ይመስላል። ንቃትን የሚያቆመው ሥርዓት በአንጎል ግንድ ውስጥ ነው፤ እንቅልፍን የሚያመጣው ደግሞ ከፊት ለፊት፣ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል ያለ የነርቭ ስብስብ ነው። ርክክቡ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፋል፤ ጡንቻ ይላላል፣ ትንፋሽ ይረጋል። አልፎ አልፎ ግን ተረካቢው በደንብ ሳይዝ የንቃቱ ወገን ብልጭ ይልና ወደ ጡንቻዎች ድንገተኛ ትእዛዝ ይለቅቃል። ገላ ይፈናጠራል። ግማሽ የተኛው አእምሮም ለተፈጠረው ነገር ምክንያት ይፈልግና ደረጃ ያስታል፣ ገደል ያስገባል። የዝንጀሮ ዘመዶቻችን በዛፍ ላይ ይተኙ ስለነበር የጡንቻው መላላት እንደ መውደቅ ተቆጥሮ የቀረ የጥንት ማስጠንቀቂያ ነው የሚሉም አሉ፤ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ማረጋገጫ ግን አልቀረበለትም። የእንቅልፍ ሐኪሞች መመሪያ ከሰዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ይህ እንደሚያጋጥማቸው ይገምታል፤ ድካም፣ ጭንቀት፣ ትንባሆና ቡና ያባብሱታል።

የመውደቅ ሕልም ሁሉ ግን ከዚህ የሸለብታ ፍንጥሪያ የሚመጣ አይደለም። እየተመላለሰ የሚመጣ፣ ታሪክ ያለው የመውደቅ ሕልም አብዛኛውን ጊዜ የሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ዐይን በሚንቀጠቀጥበት እንቅልፍ ውስጥ ነው የሚታየው። በዚያ ሰዓት ጡንቻ ከሞላ ጎደል የታሰረ ስለሆነ ገላ ሕልሙን አይከተልም፤ የሚፈናጠረው ሲነቃ ነው። የሃርቫርዶቹ ሆብሰንና ማካርሊ በ1977 እንዳቀረቡት በዚህ እንቅልፍ የአንጎል ግንድ የሚዛን መቆጣጠሪያውን ጭምር ከውስጥ ይነካካል፤ መብረርና መውደቅም ከዚያ ይወለዳሉ። በ1958 የአሜሪካና የጃፓን ተማሪዎች ስለ ሕልሞቻቸው ሲጠየቁ በሁለቱም አገር ከመቶ ከ70 በላይ የሆኑት ወድቀው እንደሚያውቁ መመለሳቸው ነገሩ የአንድ አገር ባህል ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። ስለዚህ «የትኛው ይቀድማል» ለሚለው ሁለት መልስ አለ፦ በሸለብታው ገላ፣ በንጋቱ ሕልም።

ዘመናዊቷ አሽዶድ የተቆረቆረችው በ1956 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከሞሮኮ የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ወደቡ በ1965 ሥራ ጀመረ። ከኢትዮጵያ የሄዱት በብዛት የደረሱት በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ ነው። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘመቻ ሙሴ ሺዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከዚያ በፊት በእግር፣ አብዛኛውን በሌሊት ተጉዘው እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች የከረሙ ናቸው፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ውስጥ አጓጓዘ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ እስራኤል ከኢራቅ በሚወነጨፉ ስከድ ሚሳይሎች ሌሊት ሌሊት ስትቀሰቀስ ከርማ ነበር። የሃይፋው የእንቅልፍ ተመራማሪ ፔሬጽ ላቪና ባልደረቦቻቸው የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መመዝገቢያ ተጠቅመው የሰዉን እንቅልፍ ለኩ። ብዙዎች እንቅልፍ አጣን ቢሉም መሣሪያው ያሳየው ከሲሬኑ በኋላ ቶሎ መልሶ እንደሚወስዳቸው ነው። ላቪ በዚያው ዓመት ከናዚ እልቂት ስለ ተረፉ ሰዎች ሌላ ጥናት አወጡ፤ ኑሯቸውን በደንብ ያደላደሉት ተረፎች በቤተ ሙከራው ከእንቅልፍ ሲቀሰቀሱ ሕልም የሚያስታውሱት ከሌላው ሰው እጅግ ባነሰ መጠን ነበር። መርሳት ለእነሱ እንደ ጤና ሆኗል። ከጎንደር የመጡት ግን ጠዋት ጠዋት ሕልማቸውን ቡና ላይ የሚዘረግፉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ልማዶች በአንድ ክሊኒክ ሲገናኙ ብዙ ነገር ተሳስቶ ተሰማ። በሽተኛው «ልቤ» ሲል ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል፤ «እባንናለሁ» ሲል አስተርጓሚው «አይተኛም» ይላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አማርኛ ተናጋሪ የባህል አገናኞች በጤና ጣቢያዎች ሲመደቡ፣ መባነኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለይቶ የመጠየቅ ዕድል ተገኘ። ገና ሲተኛ ነው ወይስ ሊነጋ ሲል? ገደሉ ያው ገደል ነው ወይስ ይለዋወጣል? አብሮ የሚታይ ሰው አለ?

ጥያቄዎቹ ያስፈለጉበት ምክንያት አለ። የሱዳኑን መንገድ ያለፈ ሰው የሚመላለስበት ሕልም የአደጋ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ በ2001 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ያወጡት ጥናት አንድ መንገድ አሳየ፤ ሕመምተኛው ክፉውን ሕልም ነቅቶ ሳለ መጨረሻውን እንደወደደው ይለውጠዋል፣ ከዚያም አዲሱን በየቀኑ በሐሳቡ ይለማመደዋል። ክፉ ሕልምን በሦስት ሰዎች ፊት በጎ ከማሰኘትና «መልካም ያድርገው» ከማለት ጋር ያለው ዝምድና የሚያስገርም ነው። ተራው መባነን ግን ይህንን ሁሉ አይፈልግም።

ተራውን ከሚያባብሱት አንዱ ረከቦት ላይ ነው። ካፌን ከጠጪው ደም ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጎረቤት ተጠርቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተባለ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ገላ ውስጥ ነው። ሐኪም ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅር ይላል። በአሽዶድ አፓርታማ ውስጥ ግን ቀኑን ፋብሪካና ወደብ የዋለ ቤተሰብ የሚገናኘው ማታ ነው፤ ቡናውም የሚፈላው ያኔ ነው። ስለዚህ ምክሩ ይሰማል፣ በረካውም ይጠጣል።

በዲሴምበር 2008 መጨረሻ ከጋዛ የተወነጨፉ ሮኬቶች አሽዶድ ደረሱ፤ በ29ኛው ቀን አንዲት የከተማዋ ነዋሪ ተገደለች። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ አዲስ የመባነኛ ምክንያት አገኘች፤ በዕብራይስጥ አዝዓካ ይባላል፣ የአማርኛ ተናጋሪውም ሲሬን ከማለት አዝዓካ ማለት ይቀናዋል። ከአዝዓካው እስከ ፍንዳታው በአሽዶድ ያለው ጊዜ 45 ሰከንድ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠራ ቤት ማማድ የሚሉት በወፍራም ኮንክሪት የተሠራ ክፍል አለው፤ በአሮጌ ሕንፃ ያለ ሰው ግን ወደ ጋራ መጠለያው ወይም ወደ ደረጃው ይሮጣል። አረጋዊት እናት ከአራተኛ ፎቅ በ45 ሰከንድ አትወርድም፤ ስለዚህ ነጠላዋን ተከናንባ የደረጃው መካከል ላይ ትቀመጣለች። ልጆቿ ጫማቸውን አልጋው ሥር፣ አፉን ወደ በሩ አዙረው ያድራሉ።

ለመባነን ይህ ምቹ አፈር ነው። በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ያለው ርክክብ በሚያሰጋ ቤት ውስጥ በሰላም አያልፍም፤ ጆሮ ተኝቶም ይጠብቃል። የሞተር ብስክሌት ጓጓታ፣ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ፣ ከሩቅ የወደብ ጥሩምባ እንደ አዝዓካ ይጀምራሉ። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጠዋት አሽዶድ በአዝዓካ ነቃች፤ ለወራትም ቀንና ሌሊት ተደጋገመ። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው የ12 ቀን ጦርነት ደግሞ ጥቃቱ በብዛት በሌሊት ነበር። ሚሳይሉ ከሩቅ ስለሚመጣ ማስጠንቀቂያው ከአዝዓካው ደቂቃዎች ቀድሞ በስልክ ይደርስ ነበር፤ ሰውም ፍራሹን ማማድ ውስጥ አንጥፎ ገና ከመጀመሪያው እዚያ መተኛት ጀመረ።

በሩ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ከተኙት አንዱ በድንገት ተፈናጥሮ ይነሣል፣ ሌሎቹም አብረውት። «አዝዓካ ነው?» ይባላል። ስልክ ይታያል፤ ምንም አልመጣም። «ባንኖ ነው» ትላለች እናትየው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች።